ስለ ሩጫው ክርክርና ስለ ኩሽናው ራፕ



የዚህ እትም ርዕሰ አንቀጽ ስለ ደሞዝ መዘግየት እንዲሆን አስበን ነበር። ሰሞኑን በመረዳጃችን ስልክ የገባው የድምፅ መልእክት ግን ወይ ስለ ኃይሌና ቀነኒሳ ነው፣ ወይ አንዲት እህታችን ስለሠራችው ራፕ ነው። የደሞዙን ነገር ወደ ውስጥ ገጽ አዛውረነዋል፤ አትቆጡን። ሁለቱም ነገር ላይ ላዩን ሲታይ የሥራ ፈት ወሬ ይመስላል። ሥራ ፈት ደግሞ ከመሀላችን ማን አለ? ነገር ግን በአንዱ ምክንያት ሁለት እህቶች ከመረዳጃው ወጥተዋል፣ በሌላው ምክንያት አንዲት እህት ጀዋሏን ተነጥቃለች። ስለዚህ ዝም ብለን አናልፈውም።

መጀመሪያ ሩጫው። ነገሩን የጀመረችው ሳብያ ያለች እህታችን ናት። «ከኃይሌ በላይ ሯጭ አልተፈጠረም» ብላ ላከች፤ ድስት እያጠበች እንደነበር ከድምፁ ይሰማል። ከአቡ አሪሽ መልስ መጣ፣ ከሳምጣ ሌላ መጣ፣ ከጡዋል አንድ ወንድም ገባበት። እስከዚህ ድረስ እኛም ደስ ብሎን ነበር። ቀን ሙሉ «ነዓም» እና «ሓድር» ስትል የዋለች ሰው ማታ በገዛ ቋንቋዋ እንደልቧ ስትከራከር መስማት እኮ በራሱ መድኃኒት ነው። በሦስተኛው ቀን ግን አንዱ ሯጮቹን ትቶ የተከራካሪዋን ዘር መቁጠር ጀመረ። ሌላዋ ደግሞ «አንቺ በባሕር የመጣሽ፣ ምን አፍ አለሽ?» አለቻት። በዚያ ሌሊት ሁለት ሰው ወጣ። አንደኛዋ ባለፈው ረመዳን ለታመመችው እህታችን ቤት ለቤት እየደወለች መዋጮ ያሰባሰበች ናት።

ኮንትራት ይዛ የመጣችም፣ በየመን በረሃ በእግሯ የመጣችም፣ እቁቡን እኩል ነው የምትጥለው። ይህን ለማስታወስ ርዕሰ አንቀጽ መጻፍ ያስፈልገናል ብለን አላሰብንም ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ፤ ክርክሩን አንጠላውምና። የምንጠላው ባዶ እጅ መከራከርን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።)

የኃይሌ ወገኖች ሲድኒን ታነሳላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። በ2000 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በሰከንድ መቶኛ 9 ብቻ ነው። ከ25 ዙር በኋላ ማለት ነው። አትላንታንም በ1996 ወስዷል፤ ከ1993 እስከ 1999 በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህውን አራት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ከዚያ ወደ ማራቶን ወጥቶ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጠ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

የቀነኒሳ ወገኖች ደግሞ የምትሉት አላችሁ። በ2004 የጸደይ ወራት፣ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የኃይሌን የ5 ሺህም የ10 ሺህም ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2005 ብራስልስ ላይ ያስመዘገበው 26:17.53 እስከ 2020 ድረስ የነካው አልነበረም፤ ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ እስኪመጣ። በአገር አቋራጭ 11 ጊዜ የግል ባለድል ሆኗል። ቤጂንግ ላይ በ2008 5 ሺህንም 10 ሺህንም ወሰደ፤ ይህንን ከወንዶች ከምሩፅ ይፍጠር የሞስኮ ድል በኋላ ማንም አልሠራውም ነበር። ኃይሌ የኦሊምፒክ 5 ሺህ ወርቅ የለውም። እሱን እንኳ የኃይሌ ወገኖች ዝም ብላችሁ ብትቀበሉት ይሻላል።

እንዲህ ነው ክርክር። ቁጥሩን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ሌላዋ ሌላ ቁጥር ይዛ ትመጣለች። ዘሩን ያመጣችሁት ወንድም ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ሁለቱም የአርሲ ልጆች ናቸው። አንዱ ከአሰላ፣ አንዱ ከበቆጂ። ጎረቤት ናቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አቴንስን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። በ2004 ኦሊምፒክ ኃይሌ የተጎዳ እግሩን ይዞ ነው የገባው። በ10 ሺህ ውድድር ላይ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ደጋግመው ዞር እያሉ ያዩት ነበር፤ ሩጫውንም ለትንሽ ጊዜ ቀዝቀዝ አደረጉለት፤ ይደርሳል ብለው። አልደረሰም። አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ። እነሱ የኦሊምፒክ ወርቅ ፊታቸው ተቀምጦ ወደ ኋላ ዞረው ያዩትን ሰው ምክንያት አድርገን፣ እኛ ጂዛን ቁጭ ብለን እርስ በርስ እንሰዳደባለን።

ስለ ቀነኒሳ ሌላም አለ። በ2005 መጀመሪያ እጮኛው ዓለም ተጫሌ አብረው ልምምድ ላይ እያሉ ወድቃ ሞተች። ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ እሷም ሯጭ ናት፣ በ1500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን። ያንኑ ዓመት ነው በመጋቢት አገር አቋራጩን በሁለቱም ርቀት የወሰደው፣ በነሐሴ ሄልሲንኪ ላይ ያሸነፈው፣ ብራስልስ ላይ ክብረ ወሰኑን የሰበረው። ከመሀላችን የእናቷን መርዶ በስልክ ሰምታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ለምሳ ካብሳ የሠራች አለች። አንዷ ብቻም አይደለችም። እነዚህ እህቶች ስለ ቀነኒሳ ሲያወሩ ድምፃቸው ከሌላው ለምን እንደሚለይ እኛ ይገባናል።

አሁን ደግሞ ቅር ያለንን እንናገር። ከዚህ ሁሉ የድምፅ መልእክት ውስጥ የሴት ስም የተጠራበት አንድም አልነበረም። ተከራካሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው! ለምን ይሆን? ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች፤ ከዚያ ሁለተኛ የወጣችውን ነጯን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን እጇን ይዛ ሜዳውን አብረው ዞሩ። በ1998 ልጅ ወለደች። «አበቃላት» ተባለች። ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ ወሰደች። በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በ2018 ደግሞ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነች።

ጥሩነሽ ዲባባስ? ቤጂንግ ላይ 5 ሺህንና 10 ሺህን በአንድ ኦሊምፒክ ጠቅልላ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ለንደን ላይ 10 ሺህውን ደገመችው። ሦስት ወርቅ፣ ሦስት ነሐስ። እሷም በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ ይዛ ተመልሳለች። ፋጡማ ሮባ አለች፣ በ1996 የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት፤ ቦስተንን ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ። መሠረት ደፋር አለች። ልጅ አገር ቤት ለእናቷ ትታ የመጣች ሴት ስለ ደራርቱ የምትለው ነገር ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም፤ የጠየቃት የለም። እኛም ብንሆን አልጠየቅንም። ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ ደራርቱ ወይስ ጥሩነሽ? የኛ የአዘጋጆቹ ድምፅ ተከፍሏል፤ ይህን የምጽፈው እኔ ከደራርቱ ጋር ነኝ፤ ባርሴሎናና ሲድኒ መሀል ስምንት ዓመትና አንድ ልጅ አለ።

ሁለተኛው ነገር ራፑ ነው።

አንዲት እህታችን፣ ከተማዋን አንጠራም፣ ኩሽና ውስጥ ቆማ በስልኳ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ራፕ ቀድታ ለመረዳጃው ላከች። ሙዚቃ የለውም። በማንኪያ ድስት እየመታች ነው የምትለው። ስለ ጠዋት ደወል፣ ስለማያልቅ ብረት ድስት፣ ስለ ሐዋላ ወረፋ፣ ስለ እናቷ ቆርቆሮ ቤት። ሰምተን ሳቅን፣ ከዚያ አለቀስን። «ይሄ ዘፈን ነው ወይ?» ያላችሁን ሰምተናል። «ለዘፋኝነት ነው እንዴ የመጣሽው?» ያለቻትንም ሰምተናል። ለዚች ለመጨረሻዋ እህት፦ አያትሽ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ስትፈጭ ታንጎራጉር አልነበረም? ያማቷን ክፋት፣ የባሏን መቅረት በዜማ ሸፍና ትናገረው አልነበረም? ሰምና ወርቅ የሚባለው ነገር በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ብቻ አልኖረም። ልጆቹ ዛሬ ራፕ ይሉታል፣ ቴዲ ዮ እና ልጅ ሚካኤል አገር ቤት አስለምደውታል፤ ሥራው ግን ያው ነው፣ በሥራ ላይ ሆኖ ሸክምን በቃል መቀነስ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ድምፁ ውስጥ ከኋላ የሕፃን ልጅ ድምፅ አለ፤ ማዳሟም በስሟ ስትጣራ ይሰማል። ዘፈኑ ከኛ ወጥቶ ጂዳ ደረሰ፣ ከጂዳ ሪያድ፣ ከሪያድ ዞሮ አንድ ሹፌር ጋ፣ ከሹፌሩ እዚያው ቤት። ጀዋሏ ተወሰደ። ሁለት ሳምንት ድምፅዋን አልሰማንም። እናቷ አገር ቤት ሆና «ልጄ ሞታለች ወይ?» እያለች ትደውልልን ነበር። አሁን ስልኩ ተመልሶላታል፤ ለዚህ ምክንያት የሆኑት የቤቱ አሮጊት እናት ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው።

ጥፋቱ የማነው? ግማሹ የኛ ነው። ከመረዳጃው ያወጣው ሌላ ሰው አይደለም፤ ከአዘጋጆቹ አንዷ ናት። ደስ ስላላት ጂዳ ላለች ጓደኛዋ ላከችላት፤ ፈቃድ አልጠየቀችም። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ እዚህም ደግመን እንጠይቃለን። «ለሁሉም ሰርዝ» የሚለውን ተጭነን ነበር፤ እሱ ግን የሚያጠፋው እኛ ዘንድ ያለውን ብቻ ነው፣ የተላለፈውን አይከተለውም።

ሕጉንም እወቁት። ሳዑዲ በ2007 ባወጣችው የኤሌክትሮኒክ ወንጀል ሕግ መሠረት ካሜራ ባለው ስልክ የሰውን የግል ሕይወት የደፈረ፣ ወይም በስልክና በኢንተርኔት የሰውን ስም ያጠፋ፣ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። የሕዝብን ሥርዓት፣ ሃይማኖትን ወይም ሥነ ምግባርን ይነካል የተባለ ነገር ደግሞ እስከ አምስት ዓመትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ያስቀጣል። 500 ሺህ ሪያል በአንድ ሺህ ሪያል ደሞዝ ስንት ዓመት እንደሆነ አስሉት፤ ከ41 ዓመት በላይ ነው። ኢቃማ የሌላት እህት ጋ ሲደርስ ደግሞ ገና ፍርድ ቤት ሳይደረስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ቲክቶክ ላይ የማዳምን ሳሎን እያሳዩ የሚጨፍሩትን አይተን እየፈራን ስለሆነ ነው።

ታዲያ አትዝፈኑ ልንል ነው? አንልም። ከአዘጋጆቹ አንዷ «እናቁመው» ብላ ነበር፤ ሌሎቻችን እንቢ አልን። እንዲህ አድርጉ ነው የምንለው። ቪዲዮ አትቅረጹ፣ ድምፅ ብቻ። ቤቱ ውስጥ ሰው ሲተኛ፣ በራስሽ ክፍል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ ቅጂ፤ ድምፁም እንዲያውም ያምራል፣ አይጮህም። የልጆቹ ድምፅ፣ የቤተሰቡ ስም፣ የሰፈሩ ስም፣ የመስጊዱ አዛን አይግባበት። ከመላክሽ በፊት አንዴ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። ስልክ የማይፈቀድላት ግጥሙን በወረቀት ጽፋ ለምታምናት ትስጥ፤ ያለ ስም እናትመዋለን። ሰሚዎች ደግሞ፦ የመጣላችሁን የእህታችሁን ድምፅ ሳትጠይቁ ወደ ሌላ አታስተላልፉ። ዘንድሮ የመረዳጃው ደንብ ላይ የሚጨመረው ይሄ ነው፤ ዘር ጠርቶ ወይም «በባሕር የመጣሽ» ብሎ የሰደበም ለአንድ ወር ድምፅ መላክ አይችልም። እቁቡን ግን ይጥላል።

የወጡት ሁለቱ እህቶች፦ ደውለንላችኋል፣ አላነሳችሁም። ቦታችሁ እንዳለ ነው። የታመመችው እህታችን ስለ አንዷ ትጠይቀናለች።

ራፕ የላክሽልን እህታችን፣ ሁለተኛው ሥራሽ ሐሙስ ሌሊት ደርሶናል። ደጋግመን ሰማነው። ከኋላ የሚሰማው የልብስ ማጠቢያው ማሽን ብቻ ነው።