«ጥርስ ነው» ብለን አንለፈው

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ታናሽ እህቴ ከላሊበላ ደወለችልኝ። የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አሸተን ተራራ ሥር ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ «ወንድምዓለም፣ ልጁን ካስቀመጠው ሁለት ቀኑ፤ ትኩሳትም አለው። ጥርስ ነው፣ አስነቅዪው እያሉኝ ነው። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ልጁ ሰባት ወሩ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን በእኛ አገር ስልክ ያለው ወንድም እንደ ሐኪም ይጠየቃል። ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁም ነገ እንዲህ ያለ ስልክ ይደወልላችኋል።

መጀመሪያ እናቶችን እንደ አላዋቂ ማየት ይቅር። እናት ያየችው ነገር እውነት ነው፤ ጥርስ በሚወጣበት ሰሞን ልጅ ይታመማል። ስህተቱ ምክንያቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር አካባቢ ብቅ ይላል። በዚያው ሰሞን ልጁ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፤ መሬት ላይ ይንፏቀቃል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ከእናቱ የወረሰው በሽታ የመከላከል አቅምም እየቀነሰ ይሄዳል። ተቅማጡን የሚያመጣው የቆሸሸ ውኃ፣ ዕቃና እጅ ነው። ጥርስ በራሱ ለሃጭ ያበዛል፣ ድድ ያሳክካል፣ ያነጫንጫል፤ ሰውነትንም ትንሽ ሊያሞቅ ይችላል። ተቅማጥና ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት ግን የጥርስ ሥራ አይደለም።

«ማስነቀል» የሚባለው ገና ያልወጣውን የክራንቻ ጥርስ ከድድ ውስጥ በስለት ቆፍሮ ማውጣት ነው። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊይዘው ይችላል። ከሥር የሚያድገው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ ይህን ጉዳት አይተው ጽፈውታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም፣ በአንቀጽ 561፣ እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በመንቀል ሕፃን እንዲሞት ያደረገን ሰው ይቀጣል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። እንግሊዞች እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ «ለጥርስ» እያሉ ሜርኩሪ ያለበት ዱቄት ለሕፃናት ይሰጡ ነበር። ዱቄቱ መርዝ መሆኑ ሲታወቅ ተዉት። እኛም መተው እንችላለን።

ግን ማውገዝ ብቻ አይበቃም። በላስታ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሕፃን አዝሎ ገደል መውረድ፣ ዳገት መውጣት አለ። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ጥርስ ነቃይዋ ግን ጎረቤት ናት፤ በሯም ሁሌ ክፍት ነው። እናት ስለት እንዳትመርጥ ከተፈለገ የቀበሌው ጤና ኬላም ክፍት መሆን፣ መደርደሪያው ላይም ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ መገኘት አለበት። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው።

የኛ ሥራ ደግሞ ስልኩ ሲደወል ትክክለኛውን መልስ መስጠት ነው። ለእህቴ ያልኳት ይህን ነው፦ «አታስነቅዪው። ጡት አታቋርጪበት። ቤት ውስጥ ኦ.አር.ኤስ. ካለሽ አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጥብጠሽ፣ ባስቀመጠው ቁጥር በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው። ነገ በጠዋት ጤና ኬላ ውሰጂው፤ ዚንክም ይሰጡሻል፤ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን ስጪው። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ሰው ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ድዱን ካሳከከው እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ በጣትሽ እሺው።»

«እማማስ ቢቆጡ?» አለችኝ፤ አማቷን ማለቷ ነው። ስልኩን እንድትሰጣቸው ጠየቅኋት። ሳላቋርጥ አዳመጥኳቸው። እሳቸውም የራሳቸውን ልጆች በዚሁ መንገድ ነው ያሳደጉት፤ ክፋት የላቸውም። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ነገ አብሬያት እሄዳለሁ» አሉ። ሄዱም።

ትናንት እህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ልጁ ይስቃል፤ ከታች ሁለት ጥርስ ብቅ ብሏል፤ ማንም ሳይነካው።