በዴንጊ ክኒን ላይ ለተቆረጠው ተስፋ ምላሽ

በትንኝ ለሚተላለፉ ቫይረሶች ክኒን መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው የሚለው አስተያየት ሥር እየሰደደ ነው። ክርክሩ የሚቆመው በዴንጊ ላይ ነው። ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በደሙ ያለው ቫይረስ መቀነስ ጀምሯል፤ ለሞት የሚያሰጋው የደም ሥር ፈሳሽ ማፍሰስ ደግሞ የሚመጣው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ስለዚህ ክኒኑ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል ይላሉ።

የጊዜው ነገር እውነት ነው፤ አልከራከርበትም። በማስረጃነት የሚጠቀሱት ሙከራዎች ግን የተባለውን ያህል አይናገሩም። ባላፒራቪር በቬትናም፣ ሴልጎሲቪር በሲንጋፖር ተሞክረው የቫይረሱን መጠን መቀነስ አልቻሉም። ሁለቱም ከሌላ በሽታ የተዋሱ ናቸው። ባላፒራቪር የተሠራው ለሄፓታይተስ ሲ ሲሆን፣ ኃይል የሚያገኘው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ፎስፌት ሲጨመርበት ነው። ኋላ በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ በዴንጊ የተያዙ የደም ሕዋሳት ይህን ለውጥ በሚገባ አያከናውኑም። ታዲያ የሁለት ተውሶ መድኃኒቶች ውድቀት የመላው ሐሳብ ውድቀት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ለዴንጊ ተብሎ የተሠራው ሞስኖደንቪር የሚያሳየው ሌላ ነው። ቫይረሱ እንዲባዛ ኤንኤስ3 እና ኤንኤስ4ቢ የተባሉት ፕሮቲኖቹ መጣመር አለባቸው፤ መድኃኒቱ ይህን ጥምረት ይከለክላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በቀረበ ሙከራ ፈቃደኞች ክኒኑን ለ5 ቀን ከወሰዱ በኋላ የተዳከመ የዴንጊ ቫይረስ ተወጉ። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 10 ሰዎች በ6ቱ ደም ቫይረሱ ጨርሶ አልታየም፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን በተሰጣቸው 5 ሰዎች ግን በሁሉም ታየ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ቢሆንም የሚያመላክተው ከሕመም በኋላ ወደ ማከም ሳይሆን አስቀድሞ ወደ መከላከል ነው። የመድኃኒቱ ባለቤት ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በ2024 የመስክ ጥናቱን ያቋረጠውም የምርምር ቅደም ተከተሉን ከልሶ እንጂ በመድኃኒቱ ደኅንነት ሠግቶ አይደለም።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዴስ ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ ርቃ አትበርም፤ በርሜልና እንስራ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ አንድ ሰው ከታመመ ቀጥሎ የሚያሰጋው ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ነው፤ ክኒኑ መሞከር ያለበትም እዚያ ነው። እርግጥ በጤና ጣቢያ ፈጣን የዴንጊ ምርመራ ከሌለና ትኩሳት ሁሉ ወባ ከተባለ፣ ክኒኑ ለየትኛው ቤት እንደሚሰጥ አይታወቅም። ከተቃዋሚዎች የጠበቅሁት ብርቱ ክርክር ይህ ነበር፤ አላነሱትም።