የመራጊው ሒሳብ ከዒድ በፊት

ዒድ ሲቃረብ በወገዳም ሆነ በጋይንትና በእስቴ ቤት የማናድስ ጥቂቶች ነን። ረመዷን በእነዚህ ዓመታት በጋ ላይ ስለሚውል ጭቃው ቶሎ ይደርቃል፤ ክረምት ሳይገባ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረጋል፣ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ይቀየራል። ሒሳቡ ላይ ስንደርስ ግን አንድ መጥፎ ልማድ አለብን። የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ የጠራውን እያጉረመረምንም ቢሆን እንከፍላለን፤ ክርክሩን ሁሉ መራጊው ላይ እናወርደዋለን። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዕቃ ተወደደብን ስንል፣ የእሱም እህልና ዘይት አብሮ መወደዱን እንረሳለን።

ታዲያ ተገቢው ዋጋ ስንት ነው? በሜትር ለክቶ መነሳት ይሻላል። 5 በ4 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ከሆነ ግድግዳው 45 ካሬ ይሆናል። በርና መስኮቱ 4 ካሬ ቢወስዱ 41 ይቀራል፤ ውስጡም ውጪውም ሲመረግ ወደ 80 ካሬ ይጠጋል። ከዚያ በቅርቡ ያስመረጉ ሁለት ሦስት ጎረቤቶችን ስንት ቀን እንደፈጀባቸው፣ ለባለሙያውና ለረዳቱ በቀን ስንት እንደከፈሉ መጠየቅ ነው። ዋጋ ሳይቆረጥ ሥራው ቢሠራ የሸሪዓ ሊቃውንትም የሚሄዱት ወደዚሁ ነው፤ ለተመሳሳይ ሥራ በአካባቢው ወደሚከፈለው፣ «ኡጅረቱል ሚስል» ወደሚሉት። በቁርጥ የተጠየቅነው ከዚህ ብዙ ካልራቀ ሰውዬው አልበደለንም። ጭዱን ማን ያመጣል፣ ውኃውን ማን ያመላልሳል የሚለው ግን አስቀድሞ ይነገር፤ ጠቡ ከዚያ ነው የሚነሳው። (ውኃውን የሚቀዱት የቤቱ ሴቶች ከሆኑማ ድካሙን የሚቆጥረው የለም።)

አምና እኛ ቤት መራጊው ከእኛ ጋር ሲያፈጥር ሰንብቶ፣ «አብልተነው የለ?» ብለን ከሒሳቡ ልንቀንስ ከጅሎን ነበር። ያስቆመችን እናታችን ናት። «እንግዳ ብላችሁ ጠርታችሁ ዋጋ ትተምኑበታላችሁ?» አለችን። ዘካተል ፊጥርም ቢሆን የድሃ ሐቅ እንጂ የደመወዝ ማሟያ አይደለም። መራጊው ክርስቲያን ቢሆን በዚህ ሰሞን እሱም ዐቢይ ጾም ላይ ነው፤ ከቀትር በኋላ ክንዱ ቢዝል ሰነፈ አንበለው።

ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው አዘዋል። እኛ «ከዒድ በኋላ ና» እንላለን፤ የእሱ ልጆችም ልብስ እየጠበቁ። ገንዘቡ ካልሞላ ዘንድሮ የፊቱን ግድግዳ ብቻ እናስመርግ፤ የጓሮው ለከርሞ ይቆይ።