ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት

ባለፈው ሳምንት በኮምፒዩተር ክበባችን ስብሰባ ላይ የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ ስለ ተበተነ፣ ሐሳባችንን በዚህ ገጽ ለመግለጥ ተገደናል። ነገሩ ከሩቅ ለሚያየው ትንሽ ይመስላል። በጡረታ የተገለሉ አንድ መምህር ለክበቡ ያበረከቱልን ኮሞዶር 64 የተባለ አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር አለ፤ እርሱን ለማደስ ከአባሎች የተዋጣ ገንዘብም አለ። በዚህ ገንዘብ ምን ይገዛ? ጥያቄው ይኸው ነው።

አንዱ ወገን፣ የቀድሞዎቹን ቺፖች ሥራ በአንድ ዘመናዊ ቺፕ ውስጥ አስመስሎ የሚሠራ አዲስ ሰሌዳ ከውጭ አገር አስመጥተን በአሮጌው ቀፎ ውስጥ እንግጠም ይላል። ለዚህ የሚጎድለውን ገንዘብ ለመሙላትም፣ የድምፁ ቺፕ በውጭ ገበያ ተፈላጊ ነውና አውጥተን እንሽጠው ተብሏል። እኛ ይህን እንቃወማለን። የምንቃወመውም አሮጌ ነገር ስለምናመልክ አይደለም።

ኮሞዶር 64 ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን ዋጋው 595 የአሜሪካ ዶላር ነበር። መላው ማኅደረ ትውስታው 64 ኪሎ ባይት ነው። ሲበራ በቤዚክ ለሚጽፍ ሰው የቀረለት 38,911 ባይት መሆኑን ራሱ በሰማያዊ ገጽ ላይ ጽፎ ይነግረናል። በኪሳችን ከያዝነው ስልክ ጋር ማወዳደሩ እንኳ ያሳፍራል። ነገር ግን በሰሌዳው ላይ ያሉት ዋና ዋና ቺፖች ጥቂት ናቸው፤ የእያንዳንዱንም ሥራ አንድ ትጉህ ተማሪ ከመጽሐፍ አጥንቶ ሊጨርሰው ይችላል። ስልኩን ማን አጥንቶ ይጨርሰዋል?

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ከመካከላችን ሁለት ልጆች ይህ ኮምፒዩተር ፊደላችንን እንዲጽፍ ለማድረግ ተነሡ። መኪናው የፊደሎቹን ቅርጽ ከማኅደረ ትውስታው ላይ እንዲያነብ ሊታዘዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ስምንት በስምንት ነጥብ፣ ማለት ስምንት ባይት ነው። በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም በ2,048 ባይት ያልቃል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ብናበዛ 231 ይሆናል (ቨን ሳንቆጥር)። የተረፈው 25 ነው። ከዚያ ላይ ዐሥሩን ለቁጥር፣ የቀረውን ለአራት ነጥብ፣ ለነጠላ ሰረዝ፣ ለባዶ ቦታና ለመሳሰሉት ሲሰጡ፣ «ቋንቋ» የሚለውን ቃል የሚጽፉበት ቋ ቦታ አጣ። ጠንና ጨን በስምንት ነጥብ ለይቶ መሣል ራሱ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ጠቋሚዋም ብልጭ ባለች ቁጥር የቆመችበትን ፊደል ወደ ሌላ ፊደል ትለውጠው ነበር፤ ስምንተኛው ቢት ዱሮ የሚያገለግለው ቀለም ለመገልበጥ ነበርና።

ታዲያ ያን ጊዜ ማኅደረ ትውስታ እንጨምርለት ያለ ነበር። ኮሞዶር ራሱ እስከ 512 ኪሎ ባይት የሚጨምር ማስፋፊያ ሸጦ እንደ ነበር እናውቃለን። ግን ቢገዛስ ምን ይጠቅም ነበር? የችግሩ ምንጭ የቦታ ማነስ አልነበረም፤ የአንዱ ቅርጽ መለያ ቁጥር በአንድ ባይት መያዙ ነው፣ አንድ ባይትም ከ256 በላይ አይቈጥርም። ልጆቹ መፍትሔውን ያገኙት ሳይገዙ ነው። የሥዕሉ ቺፕ ገጹን ከላይ ወደ ታች ሲሥል መካከል ላይ አቋርጠው ሁለተኛ የፊደል ገበታ እንዲያነብ አዘዙት። ከላይኛው ግማሽ አንዱ ገበታ፣ ከታችኛው ሌላው። አስቀያሚ ዘዴ ነው፤ ቋ በታችኛው ግማሽ ብቻ ትጻፋለች። ቢሆንም ከዚያ ሌሊት ወዲህ እነዚያ ልጆች ስለ ኮምፒዩተር የሚናገሩት እንደ ባለቤት ነው።

ይህን ስንል ምንም አይነካ ማለታችን አይደለም። የኀይል መስጫው ሣጥን ዛሬውኑ መለወጥ አለበት። 5 ቮልት የሚሰጠው ክፍል በሙጫ ተደፍኖ የታሸገ በመሆኑ አይጠገንም፤ ሲያረጅም ቮልቱን ከፍ አድርጎ በመልቀቅ የማኅደረ ትውስታውን ቺፖች ያቃጥላል። የኛ በቴስተር ሲለካ ገና ደኅና ነው። ደኅና ነው ብሎ መተው ግን ጅልነት ነው፤ የሚበላሸው በርቶ ሳለ ነው፣ ያን ጊዜም ቴስተር የያዘ ሰው አጠገቡ አይገኝም።

የዲስኩም ነገር እንዲሁ። 1541 የተባለው የዲስክ ማንበቢያ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒዩተር ሆኖ ሳለ በሴኮንድ ከ400 ባይት እምብዛም አይበልጥም፤ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ሲጫን አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። (ሰዎች ይህን ዝግመት ያሸነፉት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፕሮግራም ነው፤ የማንበቢያውን ፕሮሰሰር አዲስ የአነጋገር ሥርዓት አስተማሩት።) የዲስኮቹ ዕድሜ ስለሚያሳስበን፣ በዚያው ቀዳዳ የሚሰካ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ ይገዛ እንላለን። ምንም አይቈረጥም፣ ምንም አይበየድም፤ ያልፈለገ ነቅሎ ያስቀምጠዋል።

የድምፁ ቺፕ ግን አይሸጥም። ሲድ የተባለውን ይህን ቺፕ የነደፈው ሮበርት ያነስ ሦስት ድምፅና ማጣሪያ ሰጥቶታል፤ የማጣሪያውም ጠባይ ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ ሁለቱ ቺፖች አንድ ዓይነት አይዘፍኑም። መሠራቱ ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ለሞተበት ሰው ምትክ መኖሩ መልካም ነው፤ የኛ ግን ሕያው ነው። አንዴ ከሸጥነው በኋላ ብንጸጸት የትኛው መዋጮ ይመልሰዋል?

ተቃዋሚዎቻችን አንድ እውነት ይዘዋል፤ አንደብቅም። ኮምፒዩተሩ ከክፍላችን ፕሮጀክተር ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ ዐሥራ አምስት ልጅ በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ይጋፋል። ለዚህ ከውጭ የሚገጠም ትንሽ መለወጫ ይበቃል። ሰሌዳው አንድ ቀን ፈጽሞ ቢሞትም፣ አዲሱን ሰሌዳ እንግዛ ሲሉ እኛም አብረን እጃችንን እናወጣለን። እስከዚያ ድረስ ግን በሰው እጅ የተዘረጋውን ሥራ አውጥቶ በመጣል፣ በባዶ ቀፎ ውስጥ ያልተረዳነውን ነገር አስቀምጦ «ኮሞዶራችን» ማለት ራስን ማታለል ይመስለናል።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ድምፅ ይሰጣል። የማይሸጠውን ለማስከበርም ሆነ ይሸጥ ለማለት፣ ያዋጣ ሁሉ ይምጣ፤ ባለፈው የቀሩት አባሎች ከመጡት ይበልጡ ነበር። ክዳኑ የሚከፈተው ከድምፁ በኋላ ነው። ቋን በላይኛው ግማሽ ገጽም ማጻፍ የሚችል ካለ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ።