«ከምንም ይሻላል» የሚባለው ገመድ

በሱዳን በኩል በሰቲት ወንዝ ዳር ካለችው ወድ ኤል ሒለው እስከ ገዳሪፍ፣ ከድንበሩ ወዲህም ከሑመራ እስከ አብዱራፊና መተማ ባለው የሰሊጥና የማሽላ አገር፣ እባብ የነደፈውን ሠራተኛ እግር ከቁስሉ በላይ በገመድ ጠፍሮ ማሰር፣ ቁስሉንም በምላጭ በጥቶ ደሙን ማፍሰስ እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ርዳታ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ጉዳት እንደሚያስከትል ሲነገርም «ሐኪም በሌለበት ከምንም ይሻላል» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ በተማሩ ሰዎች አፍ ጭምር መደጋገሙ የሚያስቆጣ ነው፤ ምክንያቱም ከምንም አይሻልም፣ ከምንም ይብሳል።

በዚህ ቆላ ብርቱ ጉዳት ከሚያደርሱት እባቦች አንዷ ቅርፊቷን እያፋተገች የምታንሿሿው ትንሿ እፉኝት ናት። መርዟ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች ጨርሶ ስለሚያሟጥጥ የተነደፈው ሰው ከድዱ፣ ከአፍንጫው፣ ከአሮጌ ጠባሳው ሳይቀር ሊደማ ይችላል። ሐኪሞች ይህን የሚያረጋግጡት ጥቂት ደም በንጹሕ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ 20 ደቂቃ ሳይነቃነቅ አስቀምጠው ቱቦውን በማዘንበል ነው፤ ደሙ እንደ ውኃ ከፈሰሰ መርዙ በሰውነት ውስጥ መሰራጨቱ ታወቀ ማለት ነው። ደሙ የማይረጋን ሰው በምላጭ የሚበጣ እጅ ታዲያ የሚከፍተው በቀላሉ የማይዘጋ ቁስል ነው። ገመዱም እንዲሁ ነው፦ የእፉኝት መርዝ በተነደፈው ቦታ ሥጋን የሚያበሰብስ በመሆኑ መርዙን በአንድ እግር ላይ ማጎርና የደም ዝውውሩን ማቋረጥ በሕክምና ሊተርፍ የሚችለውን እግር ለመቆረጥ ይዳርጋል።

«ታስረው የዳኑ ብዙ ናቸው» የሚለው ማስረጃም ማስረጃ አይደለም። እባብ ሁሉ መርዘኛ አይደለም፤ መርዘኛውም ቢሆን አንዳንዴ ጥርሱን ሰክቶ መርዝ ሳይለቅ ይሄዳል። እንዲህ የተነደፈ ሰው ያለ ገመድም ያለ ምላጭም ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለገመዱ፣ አለዚያም ከተቃጠለ አጥንት ተሠርቶ ቁስል ላይ ለሚለጠፈው ጥቁር ድንጋይ ይሰጣል። እግሩን ያጣው ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚመለስ በእርሻው ላይ የሚመሰክር አይቀርም።

ከሁሉም የሚከፋው ገመዱ ጊዜ ይገዛል የሚለው እምነት ነው። እግሩ የታሰረለት ሰው ርዳታ እንዳገኘ ተቆጥሮ «መርዙ ተይዟል፣ ሲነጋ ይወሰዳል» ይባላል፤ ሌሊት መኪና ለማስነሣት ያልፈለገ የእርሻ ባለቤትም በዚህ ገመድ ሰበብ ያገኛል። መርዙን የሚያከሽፈው ግን ፀረ-መርዝ፣ ማለትም የእባብ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ከተሰጠው እንስሳ፣ ብዙውን ጊዜ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ መድኃኒት ብቻ ሲሆን፣ የዘገየበት ሰዓት ሁሉ ጉዳቱን ይጨምራል። በአብዱራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ካላዛር ከተባለው በሽታ ጋር የእባብ ንድፍ ሲያክም መቆየቱ እየታወቀ፣ በሰሊጥ አጨዳ ጎንበስ ብሎ ማጭድ የሚይዘውና መሬት ላይ የሚተኛው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ገመድ መሆኑ ይቅር የማይባል ነው።

በእርግጥ መድኃኒቱ እንደ ልብ አይገኝም። ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን ታዋቂውን ፀረ-መርዝ ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቁሟል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፍ እንደሚሞት እየገመተ ጉዳዩን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የመድኃኒት እጥረት ግን ሊያስጮኽ የሚገባው በመንግሥታትና በአምራቾች ላይ ነው እንጂ በሠራተኛው እግር ላይ ገመድ ለማጥበቅ ምክንያት አይሆንም።

መደረግ ያለበት ጥቂት ነው፦ ቀለበትና ጫማ እብጠቱ ሳይብስ ማውለቅ፣ እግሩን እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ሰውዬውን ሳያስኬዱ ተሸክሞ ወዲያው ማድረስ። (መርዙን ዓይን ላይ የሚተፋ እባብ ሲያጋጥም ብቻ ዓይኑን እዚያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይቀድማል።) ይህ ደግሞ መኪና ይፈልጋል፤ ለሰሊጡ ማመላለሻ የሚያዘጋጅ ባለ እርሻ በአጨዳው ሰሞን ለተነደፈ ሰው ሌሊትም የሚነሣ አንድ ተሽከርካሪ መመደብና ፀረ-መርዝ በየትኛው ጤና ተቋም እንዳለ ሠራተኛው ማጭድ ሳይጨብጥ መንገር አለበት።