ገመድ ያዡ እምቢ ማለት ይችላል ወይ?

ከገደል በሰው እጅ ተደግፎ ወርዶ፣ ጫማውን ገና ሳያስር በሃምሳ ብር የሚከራከር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ጓደኛዬ ነው። (ስሙን ብጽፈው ይጣላኛልና ይቅር።)

ቦታው ገርዓልታ ነው፤ አቡነ የማታ ጉህ። የሄደበት ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያኑ የተፈለፈለው ቀጥ ብሎ በቆመ የአሸዋ ድንጋይ አለት ላይ፣ ከላይ ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተራራ እያለከለክህ ትወጣለህ። ከዚያ «ጫማ ይውለቅ» ትባላለህ፤ ከፊትህ ግድግዳ! ደረጃ የለ፣ መሰላል የለ። የእጅና የእግር ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ወገብህ በገመድ ይታሰራል። አንዱ ከላይ ገመዱን ይይዝልሃል፣ ሌላው ከታች ሆኖ እግርህን በእጁ እያነሳ ቀዳዳው ውስጥ ያስገባልሃል። «አይዞዎት ጋሼ! ግራ እግርዎን... እሱ አይደለም፣ ከሱ በላይ ያለው!» መጨረሻ ላይ ክንድ የማይሞላ መተላለፊያ አለ፤ ከሥሩ ሁለት መቶ ሜትር የሚገመት ገደል።

እዚያ ላይ ሰው ሁሉ ትሑት ነው። ጓደኛዬም «ወንድሜ፣ አደራህን!» ሲል ነበር። መሬት ስንረግጥ ግን ድምፁ ተቀየረ። «ለአስጎብኚው ከፍለን የለ እንዴ? ይሄ ደግሞ የምን ነው?»

ስስቱን እንኳ ተዉት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የጉዞ ድርጅቱ በሰጠን ወረቀት ላይ መኪናው፣ ምሳው፣ የታሸገው ውኃ ሳይቀር ተዘርዝሯል። ገመድ ያዡስ? «እዚያው ትነጋገራላችሁ!» ይህ ማለት ከወጣህ ይከፈለዋል፣ ካልወጣህ ባዶ እጁን ይገባል ማለት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አካፍቶ ነበር። የአሸዋ ድንጋይ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ልጁ ሰማዩን አየ፣ ገመዱን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ማሰር ጀመረ።

ስንወርድ «ዝናቡ አላስፈራህም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እናንተ ከሩቅ ነው የመጣችሁት» አለኝ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዚያ አገር ጎብኚ የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ኮቪድ ነበር። እንግዲህ ያንን ሁሉ ጊዜ መንገድ መንገድ ሲያይ የከረመ ሰው፣ የመጣለትን መኪና «ዛሬ አይወጣም» ብሎ ይመልስ? እናንተ ብትሆኑ ትመልሱ ነበር?

ደብረ ዳሞን አስቡት። እዚያም በገመድ ነው የሚወጣው፤ ግን ገመዱ የገዳሙ ነው። (ሴቶች የማይወጡበትን ጉዳይ ለሌላ ቀን እንተወው።) ከላይ ካልተለቀቀልህ፣ ሚኒስትርም ብትሆን አንጋጠህ ትመለሳለህ። ጉህ ላይ ግን ገመዱን የሚያዘው የእኛ ኪስ ሆኗል።

«ቄሶቹ በባዶ እግራቸው ይወጡት የለ? እናቶች ሕፃን አዝለው ለክርስትና ይወጡት የለ?» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ይወጡታል! ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። አንተ ግን ሊፍት ሲበላሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመህ ትንፋሽህን የምትሰበስብ ሰው ነህ።

እኔ የምለው ብዙ አይደለም። የገመድ ያዡ ሒሳብ እንደ ምሳው በጉዞው ዋጋ ውስጥ ይግባ። ተወጣም አልተወጣም ይከፈለው። ገመዱ ሲያረጅ መለወጫውም ከዚያው ይውጣ። ያኔ ልጁ ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ቢለን፣ እራቱን አሳልፎ እየሰጠ አይሆንም።

ይህንኑ ለጉዞ ድርጅቱ ደውዬ ነገርኳቸው። «ዋጋችንን ያስወድድብናል» አሉኝ። ሰሞኑን የሚቀጥለውን ጉዟቸውን ወረቀት ላኩልኝ፤ የታሸገው ውኃ ከአንድ ጠርሙስ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል። ስለ ገመዱ፣ «እዚያው ትነጋገራላችሁ» ይላል።