ጥርስ በጤና ጣቢያም ባዳ ነው እንዴ?

ያገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ልብ እያዘነ፣ ሆድ እየተቃጠለ ጥርስ ይስቃልና ነው። እኔ ግን በቅርቡ ይህን አባባል በሌላ በኩል ተረዳሁት። ጥርስ ባዳ የሆነው ለልብ ብቻ አይደለም፤ ለጤና ፖሊሲያችንም ጭምር ነው! ከገላ ተነጥሎ የሚጠይቀው ዘመድ ያጣ ሆኗል። አጋነነ የሚለኝ አንባቢ ካለ እስቲ ያክስቴን ጉድ ይስማልኝ።

አክስቴ የሚኖሩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። የመንጋጋ ጥርሳቸውን ያማቸው ጀመር። እንደ ወጉ ቅርንፉድ ነከሱበት፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አደረጉበት፤ በአረቄም ተጉመጠመጡ። አልበጀም። ወደ ጤና ኬላ ሄዱ። ሠራተኛዋ ደግ ልጅ ናት፤ ግን «እማማ፣ ጥርስ እኛ ዘንድ የለም፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለቻቸው። ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ማስታገሻ ክኒን ተሰጣቸውና «ሆስፒታል» የሚል ወረቀት ተጻፈላቸው። ለመኪና ዶሮ ሸጠው ሆስፒታል ደረሱ። «የጥርስ ሐኪሙ የለም፤ በሚመጣው ሳምንት ይመለሱ» ተባሉ። በየትኛው ዶሮ ይመለሱ? ሌሊት ሲብስባቸው የሰፈሩ ጥርስ ነቃይ ተጠራ። መሣሪያው ምን መሰላችሁ? ጉጠት! ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ እዚያው ቀረ። በአራተኛው ቀን ፊታቸው አብጦ፣ እብጠቱ ወደ አንገታቸው ወርዶ፣ ምራቅ መዋጥ ተስኗቸው አዲስ አበባ እኔ ቤት መጡ።

ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ይዣቸው ሮጥኩ። ሐኪሙ ሲያያቸው ደነገጠ። ከጥርስ ሥር የተቋጠረ መግል ከመንጋጋ በታች ወደ አንገት ሲሰራጭ እብጠቱ መተንፈሻን ሊዘጋ እንደሚችል ያስረዳኝ እሱ ነው። ሰው በጥርስ ይሞታል ማለት ነው! ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የከፈልኩት ገንዘብ ግን ያክስቴን ሁለት በግ ቢሸጡት የሚሞላ አልነበረም። የጤና መድኅን ካርዳቸው በዚያን ሰዓት መቀነታቸው ውስጥ ተቋጥሮ ነበር። በየዓመቱ ሳያጓድሉ መዋጮ የከፈሉበት ካርድ ለዚያች ጥርስ አንዲት ሳንቲም አልጠቀማቸውም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የተሠራ ነገር የለም አልልም። ኢሕአዴግ በሥልጣን ላይ ሳለ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴት ልጆቻችንን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። ክትባቱን፣ የወባውን አጎበር፣ የቤተሰብ ምጣኔውን እስከ ደጃፍ አድርሷል። ይህን የሚክድ ካለ ዓይኑን ጨፍኗል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ሲጀመር የያዛቸውን 16 ፓኬጆች አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። የመጸዳጃ ቤት አለ፤ የደረቅ ቆሻሻ አለ፤ አይጥና ተባይ መከላከል እንኳ ለራሱ አንድ ፓኬጅ ተሰጥቶታል። ጥርስ የሚል ርዕስ ግን የለም። ለአይጥ የተገኘ ቦታ ለጥርስ ጠፋ!

የጤና መድኅኑ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሽፋኑ ውጭ ሆነ። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለውበት ነው ተብሎ! ኧረ ለመሆኑ ገበሬ ቆሎና ዳቤ የሚበላው በምኑ ነው? መንጋጋ አልባ የሆኑ የ60 ዓመት ባልቴት ጥርስ የሚያስተክሉት ለሠርግ ፎቶግራፍ ነው እንዴ?

«ወባ አለ፣ ወላድ እናት አለች፣ ሕፃናት በረሀብ ያልቃሉ፤ አንተ ስለ ጥርስ ታወራለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን ሙግት አከብረዋለሁ። የደሀ አገር በጀት እንደ ደሀ ቤት ድስት ነው፤ ሁሉን አያጠግብም። ግን ወገኖቼ፣ የምጠይቀው የወርቅ ጥርስ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ወንበርም አይደለም። በእጅ መሣሪያ ብቻ የተቦረቦረውን ጥርስ ፍቆ መሙያ የሚያደርግ ዘዴ አለ። መብራት አይሻም፤ መሰርሰሪያ አይሻም። ይህ ዘዴ የተጀመረው አሜሪካ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ጎረቤታችን ታንዛንያ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። መሙያው ግላስ አዮኖመር ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. እሱንና ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤ የአፍና የጥርስ ጤና ከመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ጋር ይቀናጅ ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ሲተላለፍ የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ማን ነበሩ? የኛው የቀድሞ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም! ጄኔቭ ላይ የታወቀ እውነት ያክስቴ ቀበሌ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

ጥርስ ባዳ በመሆኑ የሚከፍለው ሽማግሌ ብቻ አይደለም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» እየተባለ ያልወጣ የወተት ጥርሱ ከድዱ ውስጥ በስለት ተፈልፍሎ የሚወጣባቸው መንደሮች አሉን። ደም ይፈሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ኋላ የሚበቅለውም ጥርስ ይበላሻል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማድን ይቀጣል። ይቅጣ! ግን የተጨነቀች እናት የልጇን አፍ ከፍቶ የሚያይላት ባለሙያ በቅርቧ ካላገኘች ወደ ስለተኛው ብትሄድ ምን ይገርማል? በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ነው። ያንን ጠጥተው ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ። የጥርስ ነገር የውኃም ነገር ነው።

«ባለሙያ የለም» የሚለው ምክንያትም አንድ እግሩ አንካሳ ነው። ጅማንና አዲስ አበባን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የጥርስ ሐኪም ያስመርቃሉ። ተመራቂው ግን ከተማ ላይ፣ ይልቁንም አዲስ አበባ ይከማቻል። ገጠር ቢላክ ወንበር የለው፣ መሣሪያ የለው፣ ማደንዘዣ የለው፤ ምን ይሥራ? ያለ መሣሪያ የተላከ ሐኪም ያለ ጥይት የዘመተ ወታደር ነው።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ ሰው ይደርሳል ተብሎ የታቀደ ነው። በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ጥርስ በማደንዘዣ መንቀል፣ መግል ማፍሰስና የተቦረቦረ ጥርስ መሙላት የሚችል አንድ የሠለጠነ ሰው ይቀመጥ፤ ያውም ከነመሣሪያው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለክትባት የመጣውን ሕፃን አፍ ከፍታ እንድታይ፣ ስለ ግግም እናቲቱን እንድታስተምር ትሠልጥን። የጤና መድኅኑ ካርድ ለጥርስ ሕመም እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ በእውነት ይሥራ፤ መንጋጋ ላለቀበት ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስም ውበት መባሉ ይቅር። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት አባቶቻችን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናን በአራት ቃላት ጨርሰውታል። ለዚህ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ሌላ ዐውደ ጥናት አያስፈልግም!

አክስቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለመንገድ ብዬ ቆሎ ቋጠርኩላቸው። እንደ ልማዴ ነው፤ ረስቼው ነው። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው «ተወው ልጄ፤ የነቀሉት ጥርሴን ብቻ መሰለህ? ቆሎዬንም ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ጥርስ ባዳ ነው። ባለጥርሱ ግን ዜጋ ነው! ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን።